የአባቶቻችን ጉልበትና ገበታቸው



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈውን የአረጋውያን አባቶች ድካም ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱና ቡና ሲለቅሙ ኖረው ዛሬ ከበርጩማ ለመነሳት የሰው እጅ የሚሹ አባቶችን ሁላችንም እናውቃለን። እርጅናን መከልከል አይቻልም። ከድካሙ ከፊሉ ግን የሚመጣው ከገበታው ነው፤ ይህንንም ማስተካከል እንችላለን።

1. ጡንቻ ለምን ይከሳል?

ጡንቻ በየቀኑ እየፈረሰ በየቀኑ የሚጠገን አካል ነው። የሚጠገነውም በገንቢ ምግብ፣ ማለትም በፕሮቲን ነው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ መፍረሱ ከመጠገኑ ይበልጣል፤ ከ60 በኋላም ይፈጥናል። የሽማግሌ ጡንቻ ከምግብ የሚጠቀመው እንደ ወጣት ጡንቻ ስላልሆነ፣ ለወጣት የሚበቃው መጠን ለእርሱ ያንሰዋል።

ሕመም ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ የተደረጉ ጤነኛ አረጋውያን ከእግራቸው ጡንቻ ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም አጥተዋል። ስለዚህ በወባ ታምሞ የተነሣ አባት ከሁሉ ይልቅ ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል።

2. መጠኑ ስንት ነው?

በ2013 እ.ኤ.አ. የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲሰጥ መክረዋል። 55 ኪሎ የሚመዝን አባት እንግዲህ ከ55 እስከ 66 ግራም ያስፈልገዋል። ይህም በአንድ ማዕድ ከሚከማች በሦስቱ ማዕድ፣ በእያንዳንዱ 20 ግራም ያህል ሆኖ ቢከፈል ይሻላል። በበዓል ቀን ብቻ የሚበላ ሥጋ የወሩን ጉድለት አይሞላም።

3. በአገራችን ምን እናገኛለን?

በቆሎና ጎደሬ ሆድ ይሞላሉ። ይሁን እንጂ ጎደሬ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በቆሎም ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ይህን የሚያሟሉለት ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና አኩሪ አተር ናቸው። የሚከተለውን እናስተውል፦

ሀ. አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።
ለ. አንድ ትልቅ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ሽሮውም ቢሆን ወፈር ብሎ ይሠራ፤ ቀጭን ሽሮ እንጀራ ከማራስ አያልፍም።
ሐ. ሦስት እጅ የበቆሎ ዱቄትና አንድ እጅ የአኩሪ አተር ዱቄት ቢደባለቅ፣ በ100 ግራም 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። አኩሪ አተሩ ግን ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል አይፈጭ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያግዳል።

ጥርስ የሌለው አባት ቆሎና ሥጋ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት ዳቦና ቡና ብቻ ይሆናል። ለእርሱ ከላይ ያልነው ድብልቅ ገንፎ፣ የደቀቀ ምስር ወጥና ወተት ይስማማዋል። ይልቁንም ሚስቱ የሞተችበትን አባት እናስብ። ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ብቻውን ሲቀር በደረቅ ዳቦ ይውላል፤ አንዳንዱም ያገኘውን እንቁላል ለልጅ ልጁ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን አባት ስንጠይቅ ምን እንደ በላም እንጠይቅ።

4. ምግብ ያለ ሥራ አይበቃም

ጡንቻ የሚጠነክረው ሲሠራ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው በማንሳት ጉልበታቸውን እጅግ ጨምረዋል። ስለሆነም አባቶችን «ተቀመጡ፣ አትድከሙ» ማለት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ጓሮ ይኮትኩቱ፤ ዳገት ይውጡ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር ይነሡ፣ ይቀመጡ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ 5 ጊዜ ለመነሣትና ለመቀመጥ ከ15 ሴኮንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው የእግሩ ጉልበት እንደ ደከመ እንወቅ።

5. ጥንቃቄ

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር። በድንገት የከሳ ወይም የሚያስለው ሰውም ምግብ ብቻ አይበቃውምና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይወሰድ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም እህል ስናድል በቆሎና ዘይት ብቻ ሰጥተን አንለፍ፤ አተር ወይም ባቄላ እንጨምርበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አባቶች እነማን ናቸው? ትናንት ምን በሉ?
2. በጾም ወራት ከእንቁላልና ከወተት ፈንታ ምን እናቀርባለን?
3. ከመካከላችን በየሳምንቱ ምስር ወይም የአኩሪ አተር ዱቄት የሚያደርስላቸው ማን ነው? ዛሬውኑ ስሙን እንጻፍ።