ከኮምቦልቻ እስከ ቦሌ፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

እንደሚታወቀው ወደ ደሴ የሚበር ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። የማረፊያው ዓለም አቀፍ መለያ «ዲ.ኤስ.ኢ.» ደሴን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ለማኮብኮቢያ የሚበቃ ሜዳ የተገኘው ግን ታች ኮምቦልቻ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የዚህ አጭር ጽሑፌ ዓላማ የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት እንዴት እንደሚሰላና ርቀት ብቻውን ለምን የጉዞ ጊዜን እንደማይነግረን ማሳየት ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራ። ቦሌ በ8.98 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ11.08 እና በ39.71 ላይ ይገኛሉ። የኬክሮስ ልዩነቱ 2.10 ሲሆን በ111 ሲባዛ 233 ኪ.ሜ ይሆናል። የኬንትሮስ ልዩነቱ 0.91 ነው፤ በእኛ አካባቢ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109 ኪ.ሜ ስለሆነ 99 ኪ.ሜ እናገኛለን። በፓይታጎረስ ሕግ ቀጥታው ርቀት 253 ኪ.ሜ ይመጣል። በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ግን 376 ኪ.ሜ ያህል ነው። ከኮምቦልቻ ደሴማ ይብሳል፤ ቀጥታው 13 ኪ.ሜ ገደማ ሆኖ ሳለ በሐረጎ ዳገት ሲዞር 25 ኪ.ሜ ይደርሳል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። በሰዓት 600 ኪ.ሜ የሚበር አውሮፕላን 253 ኪ.ሜን በ25 ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን መንደርደር፣ መውጣት፣ መውረድና ተራ መጠበቅ ስላለ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከደሴ ፒያሳ ኮምቦልቻ ለመውረድ 45 ደቂቃ፣ ለፍተሻና ለጥበቃ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከቦሌ ወደ ከተማ 45 ደቂቃ ብንይዝ ድምሩ አራት ሰዓት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በቀጥታ 255 ኪ.ሜ ያህል ስለሆነ አማካይ ፍጥነታችን በሰዓት 64 ኪ.ሜ ብቻ ይሆናል ማለት ነው!

ረጅም በረራም ከዚህ አያመልጥም። ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ 11,560 ኪ.ሜ አካባቢ ነው (ለዚህ የፓይታጎረስ ዘዴ አይሠራም፤ ምድር ክብ ስለሆነች የክብ ስሌት ያስፈልጋል)። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላቱ የተለመደ ነው፤ ሲመለስ ግን ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ቀጥታ ይመጣል። ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት።

ታዲያ ይህ ምን ይጠቅመናል? ከደሴ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሕመምተኛ ይህ የክፍል ውስጥ ሒሳብ ብቻ አይደለም። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር እንኳ የምናተርፈው ቢበዛ 13 ደቂቃ ነው። የሐረጎን መንገድና የጥበቃውን ሰዓት ማሳጠር ግን ከዚያ በላይ ያተርፋል። በእኔ አስተያየት እኛ የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ስለ አንድ ቦታ ስንጽፍ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለን ማቆም የለብንም። «ከቤት እስከ ቤት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለውንም አብረን መመለስ ይኖርብናል።