የሳንባ ሕመምተኛና የከሰል ጭስ
ከካኩማ ካምፕ ሙቀት ወጥተን ለሕክምና ናይሮቢ ስንመጣ ብርዱ ይከብደናል፤ ከተማዋ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኢስሊ ውስጥ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን፣ መስኮት ዘግተን፣ በጂኮ ከሰል እናነድዳለን። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ይህ ጭስ ያብስበታል።

ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም መስኮቱ ይከፈት። ሌሊት ከተኛ ሰው ጋር ፈጽሞ አይደር፤ ጭስ ባይታይም የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ይቅር፤ እንግዳ ቅር ቢለውም።

ትንፋሽ ሲያጥርዎ ተቀምጠው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። በአፍንጫ ስበው፣ ከንፈርዎን አሹለው፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በዝግታ ያስወጡ። የሚሳብ መድኃኒት በየቀኑ እንዲወስዱ ታዝዞልዎ ከሆነ ተሻለኝ ብለው አያቋርጡ። አክታዎ ከበዛ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከንፈርዎ ከጠቆረ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።