ከፍታ ሌላ፣ ዳገት ሌላ

በካልኩለስ ትምህርት ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን የፈንክሽንን ግራፍ አይቶ የዴሪቫቲቩን ግራፍ መንደፍ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ይህ ጥያቄ በፈተና ቀርቦልኝ፣ ግራፉ ከፍ ባለበት ከፍ፣ ዝቅ ባለበት ዝቅ አድርጌ ሣልሁና የጥያቄውን ነጥብ በሙሉ አጣሁ። ስሕተቴ ከፍታንና ዳገትን አንድ አድርጌ መቁጠሬ ነበር። ጓደኞቼም በዚሁ እንዳይሰናከሉ የተረዳሁትን ባጭሩ አቀርባለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው አስቡ። አስቀድሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ዳገቱን ይወጣል። ቁልቁለቱን ሲጀምር ገና ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ነገር ግን እየወረደ ነው። ፈንክሽኑ የሚነግረን መንገደኛው ያለበትን ከፍታ ነው፤ ዴሪቫቲቩ ግን እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን፣ የዳገቱንም ብርታት ይነግረናል። ስለዚህ ዴሪቫቲቩ በቁልቁለት ከዜሮ በታች፣ በዳገት ከዜሮ በላይ፣ በሜዳ ዜሮ ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጥር እንመለስ። አግድሙን ሀ፣ ከፍታውን ለ ብለን ለ = ሀ³ − 3ሀ የሚለውን እንውሰድ። ዴሪቫቲቩን መ ብንለው፣ መ = 3ሀ² − 3 ይሆናል።

ሀ = −2 ሲሆን፦ ለ = −2፣ መ = 9
ሀ = −1 ሲሆን፦ ለ = 2፣ መ = 0
ሀ = 0 ሲሆን፦ ለ = 0፣ መ = −3
ሀ = 1 ሲሆን፦ ለ = −2፣ መ = 0
ሀ = 2 ሲሆን፦ ለ = 2፣ መ = 9

ሀ −2 ወይም 1 ሲሆን ከፍታው አንድ ነው፤ ዳገቱ ግን በአንዱ 9፣ በሌላው ዜሮ ነው። ደግሞም ሀ ዜሮ ሲሆን ከፍታው ዜሮ ቢሆንም ቁልቁለቱ ከሁሉ የበረታው እዚያ ነው፤ የዴሪቫቲቩም ግራፍ ዝቅተኛ ነጥብ ይኸው ነው።

እንግዲህ ስትነድፉ በመጀመሪያ ግራፉ ሜዳ የሚሆንበትን ፈልጋችሁ በዚያ ትይዩ ዜሮ አድርጉ። ቀጥሎ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ለዩ። በመጨረሻም የሚበረታበትን ተመልከቱ። ነገር ግን ዜሮ ሁሉ ጫፍ አይደለም። ለ = ሀ³ በዜሮ ላይ ለቅጽበት ሜዳ ሆኖ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ዴሪቫቲቩም ዜሮን ነክቶ ይመለሳል እንጂ አያቋርጥም።

ለመልመጃ ያህል በለ = ሀ³ − 3ሀ ላይ 5 ጨምራችሁ ዴሪቫቲቩን ንደፉ። መንገዱ በሙሉ በ5 ከፍ ቢልም ዳገቱ ያው መሆኑን ያየ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል።