ኩንታል ስኳር የሚተካው ግማሽ ኪሎ ዱቄት
ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያለበትን ዕቃ የሚያስመጣና የሚያመርት ነጋዴ ማወቅ ያለበት ሒሳብ

ስኳር በኩንታል ይገዛል፤ በመጋዘን ይደረደራል፤ የጭነት ዋጋ ይበላል። አስፓርታም የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ግን ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ የአንድ ኩንታል ስኳርን ጣዕም በግማሽ ኪሎ ዱቄት ይሰጣል። ሳካሪን በ300 እጥፍ ቢታሰብ 330 ግራም ገደማ፣ ሱክራሎስ በ600 እጥፍ ቢታሰብ 170 ግራም ገደማ ይበቃል። ደካማው ሳይክላሜት ነው፤ በ30 እጥፍ ሒሳብ ከ3 ኪሎ በላይ ይጠይቃል። ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ማስቲካና የጁስ ዱቄት አምራቾች ወደነዚህ ዱቄቶች የሚያዘነብሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሒሳብ ነው።

በገበያው ውስጥ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። ገሚሱ «ካንሰር ነው» ብሎ ይሸሻል። ገሚሱ ደግሞ «ፈረንጅ የሚበላው ዕቃ ምን ይሆናል?» ብሎ ያዛል። ሁለቱም ወገኖች የሚጠይቁት «ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» የሚለውን ብቻ ነው። ለነጋዴ የሚያዋጣው ጥያቄ ግን አራት ክፍል አለው፤ ስንት? በምን ዓይነት ምግብ ውስጥ? ለየትኛው በላተኛ? በየትኛው አገር? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይመልስ ዕቃ የሚያዝ ሰው በገንዘቡም በደንበኛውም ጤና ላይ ይፈርዳል።

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ መግለጫ የተዘጋ ገበያ

ሳይክላሜትን በ1937 ያገኘው በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ስቬዳ ነው። በ1960ዎቹ አሥር እጅ ሳይክላሜት ከአንድ እጅ ሳካሪን ጋር እየተቀላቀለ በአሜሪካ ለስላሳ መጠጦችና የታሸጉ ፍራፍሬዎች ውስጥ በሰፊው ይገባ ነበር። ከዚያ ይህንኑ ቅልቅል ከተመገቡ 240 አይጦች መካከል በ8ቱ የሽንት ፊኛ ላይ ዕጢ ተገኘ። አይጦቹ የወሰዱት መጠን አንድ ሰው በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ጣሳ መጠጥ ቢጠጣ ከሚያገኘው ጋር የሚወዳደር ነበር። የአሜሪካ ሕግ ግን በእንስሳ ላይ ካንሰር ያመጣ ጭማሪ ወደ ምግብ እንዳይገባ ስለሚል፣ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስትሩ ሮበርት ፊንች ጥቅምት 18 ቀን 1969 እገዳውን አስታወቁ። መጠጥ አምራቾችና ፍራፍሬ አሻጊዎች መጋዘን ሙሉ ዕቃ ታቅፈው ቀሩ።

የነገሩ ትምህርት ከዚህ በኋላ ነው። ሳይክላሜት በአሜሪካ እስከ ዛሬ እንደተከለከለ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን ኢ952 በሚል ቁጥር በልክ ይፈቀዳል። አንዱ ካርቶን ብራስልስ ላይ ሕጋዊ ዕቃ ሲሆን ኒውዮርክ ላይ ሕገወጥ ነው። ከአውሮፓ ጣፋጭ ነገር ገዝቶ ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ላለ የሐበሻ ሱቅ ለመላክ የሚያስብ ወገናችን ይህን ልዩነት ካላወቀ ኪሳራው የራሱ ነው።

የሳካሪን ዕጣ ደግሞ ተቃራኒ ሆነ። በ1879 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ በነበረው ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተገኘው ይህ ማጣፈጫ በ1977 በካናዳ ከተደረገ የአይጥ ሙከራ በኋላ በአሜሪካም ሊታገድ ተቃርቦ ነበር። ከሳካሪን ሌላ አማራጭ ያልነበራቸው የስኳር በሽተኞች አቤቱታ ሲበረታ የአሜሪካ ምክር ቤት እገዳውን አዘግይቶ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። ኋላ እንደታወቀው ከፍተኛ የሳካሪን መጠን በወንድ አይጥ ሽንት ውስጥ ጥቃቅን ጠጣር ነገር ይፈጥርና ፊኛውን ይቆጠቁጣል፤ የሰው ሽንት ግን ጠባዩ የተለየ ነው። በመሆኑም በ2000 ሳካሪን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት የአሜሪካ መዝገብ ወጣ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሳ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በኅዳር 2024 ለሳካሪን የፈቀደውን የቀን ልክ ከ5 ወደ 9 ሚሊግራም በኪሎ ከፍ አደረገ።

ልኩ የሚወጣው እንዴት ነው?

ለመሆኑ «ሚሊግራም በኪሎ» ሲባል ምን ማለት ነው? ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ይጎዳዋል ተብሎ የማይገመት መጠን ነው፤ የሚሰላውም በሰውየው የሰውነት ክብደት ነው። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ በእንስሳት ሙከራ ጉዳት ያልታየበትን ከፍተኛ መጠን ይፈልጋሉ። ከዚያ ያንን ቁጥር ለመቶ ያካፍሉታል። አንዱ አሥር ሰውና እንስሳ ስለሚለያዩ፣ ሌላው አሥር ሰውና ሰውም ስለሚለያይ የሚቀነስ ነው።

የአስፓርታምን ብንወስድ፣ የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ መነሻ ያደረገው 4,000 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ለመቶ ሲካፈል 40 ይሆናል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የቀን ልኩ 2,800 ሚሊግራም ነው። በአንድ ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አለ ቢባል ልኩን ለማለፍ ከ9 እስከ 14 ጣሳ በቀን መጠጣት አለበት።

በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርታምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ሲያስገባው ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። የሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም ያለው በዚሁ ምድብ ውስጥ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ ስንት ቢወሰድ ይጎዳል የሚለውን አይመልስም። ስንት ለሚለው መልስ የሚሰጠው የጋራ ኮሚቴው ነው፤ እሱም በዚያው ቀን የ40 ሚሊግራሙን ልክ ባለበት አጸና። ይሁን እንጂ ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል ከውልደት የሚመጣ ሕመም ላለበት ሰው አስፓርታም በእርግጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች «የፊኒልአላኒን ምንጭ አለበት» የሚል ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ የግድ ነው።

ደንበኛው ሕፃን ሲሆን

ከላይ ያየነው ስሌት ለአዋቂ የሚያጽናና ነው። ከረሜላና ባለ ቀለም መጠጥ የሚወድ ደንበኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሕፃን ነው። በአውሮፓ ኅብረት የሳይክላሜት ልክ 7 ሚሊግራም በኪሎ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 140 ሚሊግራም ማለት ነው። ያው ኅብረት በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ እስከ 250 ሚሊግራም ይፈቅዳል። እንግዲህ እስከ ጣሪያው በሳይክላሜት የተጣፈጠ መጠጥ የሚጠጣ ልጅ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ሲያልፍ የቀን ልኩን ጨረሰ። ሕጉን ያከበረ ጠርሙስ እንኳ ለልጅ ሁለተኛው ሲከፈት ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ሲበዛ ማርም ይመራል የተባለው ለዚህ ነው።

የሕግ ጣሪያውን ያላከበረ አምራችማ የባሰ ነው። በአውሮፓ የሳካሪን ጣሪያ ለመጠጥ 80 ሚሊግራም በሊትር ነው። 1,000 ሊትር ለሚበጠብጥ አነስተኛ ፋብሪካ ከ80 ግራም በላይ መጨመር አይችልም ማለት ነው። በዚህ ላይ 20 ግራም ቢሳሳት ሩብ ያህል አሳለፈ። እህል የሚመዘንበት ሚዛን 20 ግራምን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ማጣፈጫ የገዛ አምራች ግራም የሚለይ ሚዛንና መዝኖ የሚጽፍ ሠራተኛ አብሮ ይግዛ። ለግማሽ ኪሎው ዱቄት የከፈለው ቅናሽ ያለዚህ ቅናሽ አይደለም።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው

ከማጣፈጫ ጋር በአንድ ከረሜላ የሚገባው ቀለም ነው። በ2007 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የተደረገ ጥናት አንዳንድ ቅልቅል ቀለሞችን የጠጡ ልጆች እረፍት እንደሚያጡ ካመለከተ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2010 ጀምሮ በስድስት ቀለሞች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ቁጥራቸው ኢ102፣ ኢ104፣ ኢ110፣ ኢ122፣ ኢ124 እና ኢ129 ነው። ቀለሞቹ አልታገዱም፤ ያለ ማስጠንቀቂያው መሸጥ ግን አይቻልም።

አሜሪካ ደግሞ በጥር 2025 «ቀይ ቁጥር 3» የተባለውን ቀለም ከምግብ አስወጥታለች፤ ለምግብ አምራቾች እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥታለች። ምክንያቱ እንደ ሳይክላሜቱ ጊዜ የወንድ አይጥ ዕጢ ነው፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ በሰው ላይ በዚያ መንገድ እንደማይከሰት እየተናገረ ሕጉ ግን አስገድዶታል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ኢ171 የተባለውን ነጭ ማድረጊያ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን፣ በ2022 ከምግብ ሲያግድ አሜሪካ ይህን አልተከተለችም። ዕቃው ወደብ ሲደርስ የሚጠበቀው የአገሩን ሕግ እንዲያሟላ ነው። የሳይንቲስቶቹ ክርክር እስኪቋጭ ኮንቴይነር አይቆምም፤ የሚቆጥረው የቀን ኪራይ ነው።

ኤልሲ ከመክፈት በፊት

በአገራችን የምግብ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ መነሻ ደግሞ የኮዴክስ አጠቃላይ የምግብ ጭማሪዎች ደረጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጭማሪ በየምግቡ ዓይነት ስንት እንደሚፈቀድ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ነጋዴ ፕሮፎርማ ተቀብሎ ባንክ ከመሄዱ በፊት የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ጭማሪ ቁጥርና መጠኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። «ማጣፈጫ አለበት» የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ አስፓርታም 951፣ ሳይክላሜት 952፣ ሳካሪን 954፣ ሱክራሎስ 955 ነው። ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ የሚላከው ዕቃ የተመረተበትን ዙር ቁጥር የያዘ ይሁን፤ የዓምናው ወረቀት የዘንድሮውን ካርቶን አይመሰክርም። ሦስተኛ፣ ዕቃው የሚሸጥበት አገር የሚያግደውንና ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅበትን ይለይ።

አራተኛ፣ ሙቀቱን ያስብ። አስፓርታም በሙቀትና በጊዜ ብዛት እየፈረሰ ጣፋጭነቱን ያጣል። በፀሐይ የቆየ ስኳር አልባ ለስላሳ ባይመረዝም ጣዕሙ ይሞታል፤ ደንበኛም አይመለስም። ለዳቦና ለብስኩት ምድጃ ሱክራሎስ የተሻለ ይችላል።

አምስተኛ፣ «ውፍረት ይቀንሳል» ብሎ ከማስታወቅ ይቆጠብ። የዓለም የጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠሪያነት እንዳይጠቀሙባቸው መክሯል፤ በረጅም ጊዜ የሚሰጡት ጥቅም አልታየምና። መመሪያው የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

ማጣፈጫ በልክ ሲገባ ምግብ ነው፤ ልኩ ሲጠፋ ክስ ነው። ልኩን የሚያውቅ ነጋዴ የወሬ ገበያ ሲንቀጠቀጥ ዕቃውን በርካሽ አያራግፍም፤ ርካሽ አገኘሁ ብሎም የማይሸጥ ዕቃ አይሸከምም። ቁጥሩ ያለው ከማሸጊያው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ነው፤ መነጽር አድርጎ ማንበብ ከኮንቴይነር ኪራይ ይረክሳል።