ኮምፒውተሩ ሲነሣ ምን ይጠብቃል?

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አምቦንና ጌዶን አልፈን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ባኮ እንደርሳለን። ከተማዋ በበቆሎ ምርምር የታወቀች ናት። ባለፈው ዓመት ወደዚያ የወሰደን ጉዳይ ግን በቆሎ ሳይሆን ኮምፒውተር ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኙ 12 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከተከፈቱ በኋላ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆኑ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

አራት ደቂቃ ለብዙዎቻችን ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ መካከል መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ቢመጣ ኮምፒውተሮቹ እንደገና እስኪነሡ ከ12 ደቂቃ በላይ፣ ማለትም የትምህርቱ ሲሶ ሊደርስ ምንም ያህል የማይቀረው ጊዜ ይባክናል። የቤተ ሙከራው መምህር «ዶክተር፣ ባለን ገንዘብ ሚሞሪ እንግዛላቸው፤ ይህም ካልረዳ ከአገልግሎት ውጭ ይሁኑ ተብሏል» አሉን። ስለዚህ የገንዘቡም የኮምፒውተሮቹም ዕጣ የሚወሰነው ለአንድ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነበር፦ ጊዜው የሚሄደው የት ነው? በዚህ ጽሑፍ መልሱ እንዴት እንደተገኘ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ሥራና ጥበቃ

ኮምፒውተር ሲከፈት ሦስት ምዕራፎችን ያልፋል። በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኘው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ክፍሎቹን ይፈትሻል፤ ሥርዓተ ክወናው ከየት እንደሚነሣም ይወስናል። ቀጥሎ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ወደ ሚሞሪ ይገባና ድራይቨሮቹ እያንዳንዱን ሃርድዌር ያነቃሉ። በመጨረሻም ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ተጀምረው የመግቢያው ገጽ ይታያል።

በእነዚህ ምዕራፎች ሁሉ ኮምፒውተሩ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ መልእክት በገመድ ውስጥ በአንድ ናኖ ሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከማዘርቦርዱ ሃርድ ዲስኩ ለመድረስ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ይበቃዋል። ዲስኩ ግን ግዑዝ አካል ነው። ከዕረፍት ተነሥቶ በደቂቃ 7200 ዙር፣ ማለትም በሰከንድ 120 ዙር እስኪሽከረከር ድረስ በኢነርሺያው ምክንያት በርካታ ሰከንዶች ያስፈልጉታል። ድራይቨሩም ይህን ስለሚያውቅ መልስ እስኪመጣለት ይታገሣል። ችግር የሚፈጠረው መልስ ከማይሰጥ አካል መልስ ሲጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ የተመደበለት የጥበቃ ገደብ እስኪያልቅ ድረስ ያለ ሥራ ይቆማል።

የባኮዎቹ ኮምፒውተሮች ሲነሡ የዲስኩን ሥራ የምታመለክተውን ትንሿን መብራት ተመለከትን። ሚሞሪ ቢያንሳቸው ኖሮ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ሲጻፍበትና ሲነበብ መብራቷ ደጋግማ ብልጭ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ጠፍታ ትቆይ ነበር። ይህ ከሥራ ይልቅ ጥበቃን የሚያመለክት የመጀመሪያ ምልክት ሆነ። በምልክት ብቻ እንዳንረካ ከአንዱ ኮምፒውተር ሚሞሪ አውጥተን በሌላው ላይ ጨመርን። የመነሻው ጊዜ የቀነሰው ከሁለት ሰከንድ በታች ነበር። በዚህም የሚሞሪው መላ ምት ወደቀ።

መለካት

የሊኑክስ ከርነል የሚያወጣው እያንዳንዱ መልእክት ከፊቱ ሰዓት ይታተምበታል። «ዲሜሲጅ» የተባለው ትእዛዝ እነዚህን መልእክቶች ያሳየናል። «ሲስተምዲ አናላይዝ» የተባለው ደግሞ ከርነሉና አገልግሎቶቹ የወሰዱትን ጊዜ ለይቶ ያቀርባል። በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ እንዳለው ባለ አሮጌ ባዮስ ከርነሉ ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ጊዜ ግን በሁለቱም አይመዘገብም። ስለሆነም ይህኛውን ምዕራፍ በሞባይል ስልክ ሰዓት መለካት ግድ ሆነብን። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ጊዜ ለክተን ያገኘነው አማካይ ውጤት የሚከተለው ነው።

ባዮስ፦ 71 ሰከንድ
ከርነል፦ 78 ሰከንድ
አገልግሎቶች፦ 104 ሰከንድ
ድምር፦ 253 ሰከንድ

ሦስቱ መንስኤዎች

አንደኛ፣ ባዮስ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የሚያሳየው ቀን ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረ ነው። ይህ የማዘርቦርዱ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ማለቁን ይጠቁማል። ባትሪው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበውን የሰዓቱን ክሪስታል ከማንቀሳቀስ በተጨማሪ የባዮሱን ምርጫዎችም ይጠብቅ ነበር። እሱ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ምርጫዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በእነዚህ ኮምፒውተሮች የፋብሪካው ምርጫ «ቅድሚያ በኔትወርክ ተነሣ» የሚል ነበር። የኔትወርኩ ገመድ ከስዊች ጋር ቢገናኝም አድራሻ የሚያድል ሰርቨር ግን አልነበረም። በኔትወርክ የመነሣት ደንብ ደግሞ 4፣ ቀጥሎ 8፣ ከዚያ 16፣ በመጨረሻም 32 ሰከንድ እየጠበቁ ደጋግሞ መጠየቅን ያዛል። ድምሩ 60 ሰከንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከርነል። በ«ዲሜሲጅ» ዝርዝር ውስጥ አንዱ መልእክት 3.2፣ ቀጣዩ ዋና መልእክት ደግሞ 63.4 የሚል ሰዓት ነበረው። በመካከላቸው «ግንኙነቱ ዘግይቷል፣ እባክዎ ይታገሡ» የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ ከነፖርቱ ቁጥር ተጽፏል። በዚያ ፖርት ላይ የተሰካው የተበላሸ የሲዲ ማንበቢያ ነበር። ከርነሉ ለእንዲህ ያለ ዝምተኛ አካል 10፣ 10፣ 35 እና 5 ሰከንድ የሚሆኑ አራት ዕድሎች ይሰጣል። ድምሩ አሁንም 60 ሰከንድ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጥሎ ባለው ፖርት ላይ በመሆኑ ተራውን ለመጠበቅ ተገድዷል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ከክፍተቱ በኋላ የሚታየው የመጀመሪያ መልእክት ሁልጊዜ የጥፋተኛውን ስም አይነግረንም፤ ተራው ዘግይቶ የደረሰው ሌላ ሃርድዌር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የክፍተቱን ሁለቱንም ዳር መመርመር ያስፈልጋል። ይህም ካልበቃ ለከርነሉ በሚሰጠው የማስነሻ መስመር ላይ «ኢኒትኮል ዲበግ» የሚለውን ምርጫ መጨመር ይቻላል። ያን ጊዜ ከርነሉ እያንዳንዱ ድራይቨር የወሰደውን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ይዘግባል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቶች። የኮምፒውተሮቹ ዲስኮች ይዘት ከአንድ ዲስክ የተገለበጠ ነበር። በመገልበጡ ሂደት ስዋፕ የሚባለው የዲስክ ክፍል መለያ ቁጥር ተቀይሯል፤ በዝርዝሩ ፋይል ላይ የተጻፈው ግን አሮጌው ነው። ሥርዓቱም የሌለውን የዲስክ ክፍል 90 ሰከንድ ሙሉ ጠበቀ።

ይህን የምናገኘው የአገልግሎቶችን ጊዜ በመደመር አይደለም። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ቡናው እየፈላ እንጀራ እንደሚጋገር ማለት ነው። ሁለቱ የሚወስዱት ጊዜ ቢደመር እንግዳው የቆየበትን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ «ክሪቲካል ቼይን» በተባለው ትእዛዝ ማን ማንን እንደጠበቀ መከተል ይሻላል።

ስሌቱ

የሦስቱ ጥበቃዎች ድምር 60 ሲደመር 60 ሲደመር 90፣ ማለትም 210 ሰከንድ ነው። ከ253 ሰከንድ ውስጥ ኮምፒውተሩ በእርግጥ የሠራው 43 ሰከንድ ብቻ ነበር። ከመቶ 83 እጁ ባዶ ጥበቃ ነው። ሚሞሪ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡ ይወጣል፣ ጥበቃው ግን እንዳለ ይቀጥላል።

እርማቱን ስናካሂድ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለወጥን፤ ከዚያ እንደገና ለካን። የበቆሎ ዘር የሚያወዳድር ተመራማሪ ዘሩንም ማዳበሪያውንም በአንድ ጊዜ ቢለውጥ ምርቱ በየትኛው እንደጨመረ ሊያውቅ አይችልም፤ የእኛም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተሩን ከመክፈታችን በፊት የኃይል ገመዱን ነቀልን፤ በሰውነታችን ላይ ያለው ቻርጅ ክፍሎቹን እንዳይጎዳም የሳጥኑን ብረት ነካን። ባትሪውን ቀይረን በባዮስ ምርጫ ዲስኩን አስቀደምን፤ የሲዲ ማንበቢያውን ነቀልን፤ የስዋፑን መለያ ቁጥር አስተካከልን። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩ በ45 ሰከንድ ተነሣ። ከባትሪው በስተቀር የተገዛ ዕቃ አልነበረም። በቀሩት ላይም ያንኑ ምርመራ መምህሩና ተማሪዎቻቸው ቀጠሉ።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2008 አርያን ቫን ደ ቬንና አውከ ኮክ የተባሉ የኢንቴል መሐንዲሶች አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ በአምስት ሰከንድ እንድትነሣ አድርገው በሊኑክስ ፕለምበርስ ጉባኤ አሳይተዋል። የተነሡት «ፈጠን እናድርጋት» ብለው ሳይሆን አምስቱን ሰከንድ እንደ በጀት ለየምዕራፉ በማከፋፈል ነበር። ጊዜን እንደ ገንዘብ ለመመደብ በቅድሚያ የት እንደሚወጣ ማወቅ ያሻል።

የጥበቃ ገደቦቹን በጅምላ ማሳጠር ግን መፍትሔ አይደለም፤ አርጅቶ በዝግታ የሚነሣ ጤነኛ ዲስክ በዚህ ሳቢያ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። መፍትሔው መልስ የማይሰጠውን አካል ለይቶ ማስወገድ ወይም መጠገን ነው።

መልመጃ፦ በአንድ ኮምፒውተር የከርነል መልእክቶች ውስጥ ስለ ዩኤስቢ የሚናገርና «ስሕተት -110» የሚል መስመር ተደጋግሞ ይታያል። ይህ ቁጥር በሊኑክስ የጥበቃ ገደብ ማለፉን ያመለክታል። የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች በምን ቅደም ተከተል ትነቅላላችሁ? በየመካከሉስ ምን ትለካላችሁ? መልሳችሁን በትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ ውጤቱንም በሠንጠረዥ መዝግቡት።