ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ «ይሻላል» ሲባል ለማን?

በማነጻጸር ድርሰት ውስጥ አዘውትሮ የሚገኘው ግስ «ይሻላል» ነው። ግሱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጸሐፊውን በቶሎ ያሳስታል። የዚህ ትምህርት አዘጋጅ መምህር በነበረበት ዘመን የተማሪዎችን ድርሰት ሲያርም፣ «ይህ ከዚያ ይሻላል» ከሚል ዐረፍተ ነገር አጠገብ «ለማን? ለምን ሥራ?» ብሎ በቀይ ቀለም ያልጻፈበት ሳምንት አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚከተለውን ንባብ ስታነቡ ይህ ግስ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ሁለቱን ጥያቄዎች አንሡ።

ሀ. ንባብ

በራያ ቆቦ ቆላ የሚኖር ገበሬ የሚዘራውን ማሽላ የሚመርጠው ሰማዩን አይቶ ነው። ዝናቡ በሚያዝያ ደኅና አድርጎ ከጣለ ደጋሊትን የመሰለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ ይህ በማሳ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል እንጂ እህሉም አገዳውም ብዙ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ግን ፈጥኖ የሚደርሰውን ይመርጣል። ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች አንዱ «ተሻለ» ይባላል። ስሙና የዛሬው ግሳችን አንድ ናቸው፤ ሆኖም ገበሬው ስሙን ብቻ ሰምቶ አይዘራውም።

ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰውም የሚያጋጥመው ምርጫ ይህንኑ ይመስላል። አንዲት ወጣት በቆቦ ከተማ ማመልከቻና ውል የሚጻፍባት አነስተኛ ቤት ለመክፈት አስባለች እንበል። ገንዘቡ የተገኘው እናቷ ከሸጧቸው ሁለት ወይፈኖች ነው፤ ስለዚህ የሚገዛው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ከተሳሳተች ሁለተኛ ዕድል የላትም። ሻጩ ከሁሉ ትልቁን አሳይቶ «ይህ ይሻላል» አላት።

የኮምፒዩተር ጉልበት የሚለካው በፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ በሚያካሂደው ክፍል ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣቸውን ሁለት ፕሮሰሰሮች እንውሰድ። «ኤን100» የተባለው ሥራ የሚካፈሉ አራት ኮሮች ሲኖሩት የተመደበለት ኃይል 6 ዋት ነው። «ኮር አይ9-14900ኬ» የተባለው ደግሞ 24 ኮሮች አሉት፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በኮሮቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰር ይበልጥ እንዲፈጥን ሲፈለግ ቮልቴጁም ከፍ ማለት አለበት፤ የሚወስደው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ20 ከመቶ ቢጨምሩ ኃይሉ በ73 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ከሁሉ የምትወደደው በዚህ ምክንያት ነው። የተወሰደውም ኤሌክትሪክ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ በቆላ ሐሩር፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ትልቁ ፕሮሰሰር ተጨማሪ ምድጃ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣው ማራገቢያም የሜዳውን አቧራ እየሳበ ያስገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው መብራት ሲጠፋ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ አካባቢው ለወራት ያለ መብራት መቆየቱን ነዋሪው አይረሳውም። ስለዚህ ወጣቷ ባትሪ ልታስብ ግድ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብትጠቀም 600 ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ከዚህ 15 ከመቶ ቢያባክን 510 ይቀራል። ትንሹ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 40 ዋት ቢወስድ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ ያሠራታል። ትልቁ በከባድ ሥራ ላይ ከነስክሪኑ 350 ዋት ቢወስድ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። (የማተሚያው ፍጆታ ለብቻው የሚቆጠር ስለሆነ እዚህ አልገባም።) ትልቁም ቢሆን ሥራ ሲቀልለት ኃይሉን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ማመልከቻ ለመጻፍ ያ ሁሉ ጉልበት ምን ያደርግላታል?

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ወንድሟ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ቢሆንስ? አንዱን ሠርግ አዘጋጅቶ ለማውጣት ትንሹ ኮምፒዩተር 8 ሰዓት ቢፈጅበት 320 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል፤ ትልቁ በ1 ሰዓት ቢያደርሰው 350 ይጨርሳል። በኤሌክትሪኩ በኩል ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሰባት ሰዓት ግን ተርፎለታል። ከዚህም በላይ እንደ ኤን100 ያለው ፕሮሰሰር በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የሚመጣ ስለሆነ ነገ ሥራው ቢያድግ ነቅሎ በሌላ መተካት አይቻልም። እንግዲህ ትንሹ ይሻላታል፤ ትልቁ ይሻለዋል።

ለ. የሰዋስው ማብራሪያ

በአማርኛ ቅጽል ለማነጻጸር ሲባል መልኩን አይለውጥም። «ፈጣን» ምንጊዜም «ፈጣን» ነው፤ ማነጻጸሩን የሚሸከሙት «ከ» የሚለው መስተዋድድና እንደ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ይሻላል» ያሉ ግሶች ናቸው፦ «ይህ ከዚያ ይፈጥናል»፤ «ከዚያ ይልቅ ይህ ፈጣን ነው»።

«ይሻላል» ግን ሌላም ነገር መሸከም ይችላል። በንባቡ መጨረሻ ያሉትን ሁለት ግሶች ተመልከቱ። «ይሻላታል» በሚለው ውስጥ ያለችው «-አት-» እኅትየውን፣ «ይሻለዋል» በሚለው ውስጥ ያለችው «-ው-» ወንድሙን ታመለክታለች። ቋንቋው ተጠቃሚውን በግሱ ውስጥ የሚያስገባበት ስፍራ አዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ሥራውን ደግሞ «ለ» ይናገራል፦ «ለጽሕፈት ትንሹ ይሻላታል»። ሕመምተኛ «ዛሬ ይሻለኛል» ሲል «ከትናንት» የሚለውን ጠያቂው ራሱ ይሞላዋል። ሻጩ «ይህ ይሻላል» ሲል ግን ገዢዋ የምትሞላው የላትም፤ ስትጠይቅ ብቻ ታገኘዋለች። የሻጩ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ አንዳች ስሕተት የለበትም፤ በዚህ አዘጋጅ አስተያየት ተንኰሉም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. «ርካሹ ኮምፒዩተር ይሻላል»፤ «ከሁሉ የሚሻለው ፈጣኑ ነው»። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ከምን፣ ለማንና ለምን ሥራ እንደሆነ በሚያሳይ መልክ እንደገና ጻፉ። ግሱን ቢያንስ አንድ ጊዜ «ይሻለናል»፣ አንድ ጊዜ «ይሻላቸዋል» አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

2. አንድ ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው 40 ዋት የሚወስዱ 20 ኮምፒዩተሮች በቀን 5 ሰዓት ሊያሠራ አስቧል። በቀን ስንት ዋት-ሰዓት እንደሚያስፈልግ አስሉ፤ ቀጥሎም 20ው ትንንሾች ወይስ 4 ትልልቆች እንዲገዙ ለርእሰ መምህሩ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

3. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ገበሬ ወይም ነጋዴ ካለፈው ዓመት ምርጫዎቹ አንዱን እንዲያጫውታችሁ ጠይቁና ከ150 ቃላት ያላነሰ የማነጻጸር ድርሰት ጻፉ። እርሱ በዚያ ምርጫ የተጸጸተ ከሆነም ሳትሸሽጉ ግለጹ።