ስልኩ በእጃችን፣ ገበያው በደጃችን

የዛሬው ጥናታችን በአካባቢያችን ስላሉ ሠሪዎችና ቸርቻሪዎች ነው። ሠሪ ስንል እንሰት ፍቃ ቆጮና ቡላ የምታወጣውን እናት፣ ጀበናና ምጣድ የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ፣ ቃጫ የሚገምደውን አባት፣ ሰፌድና መሶብ የምትሰፋውን እኅት ማለታችን ነው። ቸርቻሪ ስንል ደግሞ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ገበያዎች ጎመን፣ ቅቤና ዝንጅብል በጉሊት ዘርግተው ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅባቸውን ነው። በአሁኑ ዘመን መሸጥና መግዛት ወደ ስልክ እየገባ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ከዚህ ለውጥ የሚያገኙት ጥቅም ምንድን ነው? በዚህስ ረገድ የወጣቱ ድርሻ ምንድን ነው? ይህን በየተራ እንመልከት።

ሀ. ከዋጋው በስተጀርባ ያለው ድካም

አንድ እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ከደረሰም በኋላ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይቀጠቀጣል፣ ጭማቂው ይጨመቃል። ከጭማቂው በታች የሚዘቅጠው ነጩ ክፍል ቡላ ይሆናል። ሌላው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲብላላ ቆጮ ይወጣዋል። የቀረው ጭረት ደርቆ ቃጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ገዢው ግን በገበያ የሚያየው በቅጠል የታሰረውን ጥቅል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከጥቅሉ በስተጀርባ ያለውን ድካም ሳያስብ «አስር ብር ቀንሺ» ይላል።

የሸክላ ሠሪዎች ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በአካባቢያችን ብዙ ሰዎች ምጣዱን ገዝተው እንጀራ እየጋገሩበት፣ ምጣዱን የሠራችውን ግን ሲንቁ፣ ከቤተሰቧም ጋር አብሮ ከመብላትና ከመጋባት ሲርቁ ኖረዋል። ከእጇ የወጣውን ጀበና እያከበሩ እጇን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እንግዲህ ሠሪዎችን መደገፍ ማለት ገንዘብ መስጠት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። መጀመሪያ ክብር ይቀድማል።

ለ. ገበያው እንዴት ተለወጠ?

ገበያችን ለውጥ ያየው ዛሬ ብቻ አይደለም። የናይለን ገመድ በመጣ ጊዜ የቃጫ ገመድ ፈላጊው ቀነሰ። የፕላስቲክ ጀሪካን በመጣ ጊዜ እንስራ ከብዙ ቤት ወጣ። አሁን የመጣው ለውጥ ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የመገበያያውን መንገድ የሚለውጥ ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በ1999 ዓ.ም ተጀምሮ፣ የባንክ ደብተር ያልነበራቸው ባለ ጉሊቶች እንኳ በተራ ስልክ ገንዘብ ለመቀበል በቁ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም ቴሌብርን ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም አስገባ። ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ ላልያዘ ሰው *127# በመደወል ይሠራል። ስለዚህ ገንዘብ ለመቀበል ውድ ስልክ የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

በሌላ በኩል ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ብዙ ወንድሞቻችን በዚያ በትናንሽ ሱቆች ቸርቻሪዎች ሆነው እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። እነርሱ ለቤተሰብ የሚልኩት ገንዘብና «ለእናቴ ቅቤና ቡላ ግዙልኝ» እያሉ በስልክ የሚያዝዙት ትእዛዝ ለገበያችን ትልቅ በር ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ጥሩ ቡላ የሚፈልግ ገዢ አለ። ይሁን እንጂ ገዢው ሠሪዋን አያውቃትም፤ ሠሪዋም ገዢውን አታውቀውም።

ሐ. ስልኩ ለማን ይሠራል?

እዚህ ላይ ዋናውን ነጥብ ልብ እንበል። ስልክ በራሱ ድኻውን አይደግፍም፤ የሚያገለግለው የያዘውን ሰው ነው። ስልኩን የያዘው ደግሞ ወጣቱ ነው። በዱራሜ አጠገብ የአምባሪቾን 777 ደረጃዎች ስንወጣ የራሳችንን ፎቶግራፍ አንሥተን በቴሌግራምና በቲክቶክ እናሠራጫለን፤ በመንገዳችን ላይ የተቀመጠችውን ባለ ጉሊት ግን ማን ያሳያል?

ደግሞ ማሳየት ብቻውን አይበቃም። አንድ ብልጥ ሰው የሸክላ ሠሪዋን ሥራ ፎቶ አንሥቶ በከተማ በሦስት እጥፍ ሊሸጥ፣ ለእርሷ ግን የድሮውን ዋጋ ብቻ ሊጥልላት ይችላል። ያን ጊዜ አዲሱ መሣሪያ የድሮውን ደላላ ሥራ አፈጠነለት እንጂ ለሠሪዋ ምንም አልጨመረላትም።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንድ ጀበና ከሠሪዋ በ100 ብር ተገዝቶ በአዲስ አበባ በ300 ብር ተሸጠ እንበል። ለማጓጓዣ 60 ብር፣ ለማሸጊያ 20 ብር ቢወጣ 120 ብር ይተርፋል። አሻሻጩ ደክሟልና ከዚህ ድርሻ ይገባዋል። ነገር ግን 120ውን ሁሉ ለብቻው ቢወስድ፣ አፈሩን ቆፍራ፣ አቡክታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ያወጣችው ሴት ከአዲሱ ገበያ ያገኘችው ትርፍ ዜሮ ነው። ትርፉ እኩል ቢካፈል ግን የእርሷ ገቢ ከ100 ወደ 160 ብር ያድጋል። በመንገድ የሚሰበረውም ዕቃ የማን ኪሳራ እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ አለዚያ ኪሳራው ሁሉ ድምፅ በሌላት ላይ ይወድቃል።

መ. ወጣቱ ምን ያድርግ?

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የተማሩ ወጣቶች ለእናቶችና ለአባቶች ፊደል አስቆጠሩ። ዘመቻው ከዙር ወደ ዙር እየሰፋ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የዛሬው ወጣትም እንዲሁ የሚያስተምረው አዲስ ፊደል አለው። ይኸውም፦

አንደኛ፣ ለእናቶች በሚሰሙት ቋንቋ፣ በሀዲይኛም ይሁን በከምባትኛ፣ ገንዘብ በስልክ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ በትዕግሥት ማስረዳት። የምስጢር ቁጥሯን ግን ለማንም፣ ለሚረዳት ወጣትም ቢሆን እንዳትናገር ማስጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ከማጭበርበር መጠበቅ። አንዳንድ ገዢ «ልኬአለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ የሐሰት መልእክት አሳይቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሻጭዋ ማመን ያለባት በራሷ ስልክ ላይ የደረሰውን መልእክትና በሒሳቧ ላይ የገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ማንበብ ካልቻለች አጠገቧ ያለ የታመነ ሰው ያንብብላት።

ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃዷን መጠየቅ፣ ዕቃውንም ስናስተዋውቅ የማን ሥራና የየት አገር ምርት እንደ ሆነ መናገር። እርሷ ካልወደደች ግን ስሟን አለመጥራት።

አራተኛ፣ በስልክ ለተሸጠ ሁሉ ደብተር መያዝ፤ የተሸጠበትን ዋጋ፣ ወጪውንና ድርሻዋን በግልጽ ማንበብላት። ቡላው ከሌላ ዱቄት፣ ቅቤውም ከሌላ ስብ እንዳይቀላቀል፣ ሚዛኑም እንዲስተካከል መጠንቀቅ። ሩቅ ያለ ገዢ ቀምሶና ዳስሶ ስለማይገዛ የሚተማመነው በቃላችን ነው። አንድ ጊዜ ከተታለለ የሚያዝነው በአንድ ሻጭ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ምርት ሁሉ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ እኛ ራሳችን ከገበያችን መግዛት። በከተማ ሱቅ የተለጠፈውን ዋጋ ያለ ክርክር ከፍለን፣ ከባለ ጉሊቷ ጋር ስለ አምስት ብር ግማሽ ሰዓት የምንሟገት ከሆነ ስለ ድጋፍ ማውራታችን ከንቱ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ አዲሱ ዘመን ለገበያችን ጠላት አይደለም፤ በራሱም ወዳጅ አይሆንም። ወዳጅ የሚያደርገው በሠሪዋና በገዢው መካከል የሚቆመው ሰው ታማኝነት ነው። ያ ሰው ዛሬ ስልክ የያዘው ወጣት ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዳችን በሚመጣው የገበያ ቀን ቢያንስ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን «ምን ላግዝዎት?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከምናስበው ይቀልላል፤ አንድ መልእክት ማንበብ፣ አንድ ሒሳብ ማስላት፣ ወይም አንድ ገዢ ማገናኘት ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በአካባቢያችን ሰዎች እጅ የተሠሩት የትኞቹ ናቸው? የሠሩትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁን?

2. በአካባቢያችን በሙያቸው ምክንያት የሚናቁ ሰዎች አሉን? ይህን ለማስቀረት በቡድናችሁ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

3. አንድ ወጣት የሌላውን ሰው ሥራ በስልክ ቢያሻሽጥ ተገቢ ድርሻው ምን ያህል ነው ትላላችሁ? ከላይ ያለውን ስሌት በራሳችሁ ገበያ ዋጋ እንደገና ሥሩት።